የእማዋይሽ ጉብታ

ከወረታ ወደ ጣና በኩል ወርዶ የሚያውቅ ሰው የፎገራን ሜዳ ያውቀዋል። ዓይን እስኪደክም ቢያዩት የሚያርፉበት ነገር የለም፤ ሩዝ፣ ከሩዙ ኋላ ሩዝ፣ ከዚያ ወዲያ ደንገሉና ሐይቁ። በዚያ ሁሉ ጠፍጣፋ አገር መካከል፣ ደንገል ጎጥ በምትባል መንደር ዳር፣ አንዲት ቀይ ጉብታ ነበረች። ሌላ አገር ብትሆን ማንም ዘወር ብሎ አያያትም ነበር፤ ደጋ ወጥቶ «ጉብታ አለኝ» ያለ ሰው መሳቂያ ነው የሚሆነው። ፎገራ ላይ ግን ጉብታ ሌላ ነገር ነው። ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሜዳው ላይ ሲተኛ፣ ሰውም ከብትም ነፍሱን ይዞ የሚወጣው እሷ ላይ ነበር። ባለቤቷ እማዋይሽ ስለሆነች የእማዋይሽ ጉብታ ይሏታል።

እማዋይሽ የይፋግ ልጅ ናት። እንግዳው ለሚባል ሰው ተድራ ስትመጣ ቤቱን ከሩቅ አይታ ደስ አላት፤ ከፍ ብሎ የሚታይ ቤት የሀብታም ቤት ነው የመሰላት። ምን ሀብት አለ! የእንግዳው አያቶች እላይ የሰፈሩት ታች የሠሩትን ሁሉ ውሃ እየበላባቸው ነው። በመጀመሪያው ክረምቷ አንድ ማለዳ በሩን ከፍታ ብትወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሴቱ ልጅ አዝሎ፣ ወንዱ በሬ ይዞ፣ ሁሉም እርጥብ፣ ሁሉም ዝም ያለ። ለቅሶ መስሏት ተመልሳ ገባችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። አማቷ እስኪያማቸው ሳቁባት። ያን ዕለት የተነሣ ሳቅ መንደሩ ውስጥ ስንት ዘመን ኖረ፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ «እማዋይሽ፣ ነጠላሽን አታዘቀዝቂም?» ይላታል፣ ሰውም በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ይስቃል።

ከዚያ ወዲያ ጎርፉን ለመደችው። የፎገራ ሰው ዘመኑን የሚቆጥረው በውሃ ነው፤ የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ይላል፣ የኮሮናው ዓመት ጎርፍ ይላል። በያንዳንዱ ላይ እማዋይሽ አስተናጋጅ ነበረች። ስትነጫነጭ ደግሞ አይጣል ነው። ከብቱ የቤቷን ክዳን ሣር እየነጨ ይበላል፣ ልጆቹ አጥሯን ያፈርሳሉ፣ ሴቶቹ ምድጃዋ ላይ ይጣላሉ። «የሚመጣው ዓመት ዙሪያውን እሾህ ነው የማጥርበት! ያን ጊዜ እዚያው ዋኙ!» እያለች ትምላለች። እሾህ አጥራ አታውቅም። ውሃው ሩዙ መካከል ብልጭ ማለት ሲጀምር ከሁሉ ቀድማ የጉብታው ጫፍ ላይ የምትቆመው እሷው ናት፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ወደ ጉብታው! ወደ ጉብታው ውጡ!» ብላ ትጣራለች። ድምፅ ደግሞ አላት። የቤተ ክርስቲያኑ መምህር የኔታ ዓለምብርሃን «ይቺ ሴት ወንድ ሆና ቢሆን ድጓ ባስተማርኋት» ይሉ ነበር። ብዙ ሰው ጎርፉን ከማየቱ በፊት የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው።

እንግዳው በወባ ሞተባት። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ መስከረም፤ እሷም ተድራ ሐሙሲት ገባች። እማዋይሽ ብቻዋን ቀረች ለማለት ግን አያስደፍርም፤ ከጉብታው ግርጌ ጸሐይነሽ ነበረችላት። ጸሐይነሽ በዕድሜ ትበልጣታለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ በምላሷ ግን አትታማም። በዶሮ ይጣላሉ፣ በወንፊት ይታረቃሉ። የአንዷ ጢስ ካልወጣ ሌላዋ ምን ነካት ብላ ትሄዳለች። ጎርፍ ሲመጣ ጸሐይነሽ ሁልጊዜ ጥጃ እየሳበች የመጨረሻ ሆና ትወጣለች፣ እማዋይሽም ከላይ ሆና ትሰድባታለች።

እንግዲህ የካቻምናው ጎርፍ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ርብ መታጠፊያው ላይ ዳርቻውን ጥሶ ገባ። ውሃው ሲሸሽ ደንገል ጎጥ ላይ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ቤት ጥቂት ነበር፤ የቀረው ጭቃው ሟሙቶ እንጨቱ ተራቁቷል፤ ሩዙን አሸዋ አልብሶታል። ዱቄትም መጣ፣ ሸራም መጣ፤ የመጣን ነገር ማማት ነውር ነው፣ ሰዉም አላማም። ባለሥልጣኖችም መጡ። ጫማቸውን በፌስታል ጠቅልለው የተጣሰውን ዳርቻ አዩና ገልባጭ መኪናና ማሽን ይመጣል አሉ። ኅዳር ላይ ሲጠየቁ ማሽኑ መንገድ ላይ ነው፤ ጥር ላይ ሲጠየቁ መንገድ ላይ ነው፤ መጋቢትም ላይ መንገድ ላይ ነው። የትኛው መንገድ እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሰዉ መጠበቅ ሲሰለቸው ራሱ ተነሣ። የተነሣው በአበረ ነው፤ አበረ የጸሐይነሽ ልጅ ነው፣ ሥራ ሲያይ ዝም ማለት የማይሆንለት፣ ሰው ደግሞ እሽ የሚለው። ደቦ ጠራ። ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፉን ቆረጠ፣ ጭድ ያለው ጭድ አመጣ፣ ምንም የሌለው ጭቃ ረገጠ። ከአቅመ ደካሞቹ ቤት ጀምረው አንዱን ሲጨርሱ ወደ ሌላው እየዞሩ መንደሩን መልሰው አቆሙት። ለደቦው የሚጠጣና የሚበላ ያቀረበችው በብዛት እማዋይሽ ነበረች፤ እህሏ እላይ ስለነበር ተርፏል። ሠራተኛው ጉብታው ላይ ሲመጣ እያፌዘች ታበላለች፣ ሲሄድ ግን ቅር ይላታል። ያላት ሁሉ በመትረፉ አፍራ ነበር። ሁሉ የፈረሰበት ሰው «እንኳን አንች ተረፍሽልን» ሲላት ከልቡ ነው፤ እሷን ግን ያንገበግባታል። ሰው በሸራ ሥር ሲያድር እሷ በደረቅ መደብ ላይ መተኛቷን እንደ ስርቆት ቆጠረችው።

ቤቱ ካለቀ በኋላ ግድቡ ቀረ። የተጣሰው ሳይደፈን ክረምት ከገባ የተሠራው ሁሉ ከንቱ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ችግሩ አፈር ነው። የሜዳው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ደግሞ ይንሸራተታል። አንድ ጊዜ በዋልካና በቅጠል ደፍነውት የበልግ ካፊያ ይዞት ሄደ። የሚይዘው ቀይ አፈር ነው። ቀይ አፈር ደግሞ ከወረታ ማዶ ያለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ያለ መኪና በአህያ ቢጫን ክረምቱ ይቀድማል። ሌላው ቀይ አፈር የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን ጠፋ። በእማዋይሽ በር ሲያልፉ ቀና ብለው ጉብታውን ያዩና ቶሎ ዓይናቸውን ይሰብራሉ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አበረ ተነሣ። ወደ እማዋይሽ አላየም።

«አፈር እንደሌለን ታውቃላችሁ» አለ። «የሚሆነው አፈር ያለው አንድ ቦታ ነው። እኔ አፌን ሞልቸ ስጡን ለማለት አልችልም፤ ሳልናገር ብቀር ደግሞ ሕሊናየ አይፈቅድልኝም።»

ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። የኔታ ዓለምብርሃን መቋሚያቸውን ወደ ፊት አስደግፈው «ልጀ፣ ግድቡ ባይዝሳ?» አሉ። «ያን ጊዜ ወዴት ነው የምንወጣ?»

«ይይዛል የኔታ። ከያዘ ደግሞ መውጣት ለምን? እርስዎም ያውቁታል፣ ጉብታውን የምንፈልገው ውሃው ስለሚገባብን ነው እንጅ። ውሃው ካልገባ ጉብታ ምን ይሠራልናል?»

ነገሩ ትክክል ይመስላል። ያን ዕለት የሰማው ሁሉ ትክክል ነው ብሏል። እማዋይሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እንግዳውን አሰበች፣ አማቷን አሰበች፣ ከዚያ በሸራ ሥር የከረሙትን አሰበች፣ እነሱ አሸነፉ።

«ምነው እንደ ሌባ ዙሪያውን ትዞሩታላችሁ?» አለች። «አፌ ላይ እሾህ አለ? ውሰዱት! እኔም በያመቱ የእናንተን ከብት ማስተናገድ ሰልችቶኛል!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጸሐይነሽ እያለቀሰች አንገቷን አቅፋ ሳመቻት፣ «ቡርክት ሁኚ» አለቻት፣ ደግማ ሳመቻት። የኔታም ተነሥተው መረቁ። እማዋይሽ የዚያን ዕለት የተሰማት ኩራት በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም። ቤቷ ስትገባ ግን ፈራች። ደጇ ላይ ተቀምጣ ጉብታውን ስታይ አመሸች። ሄዳ ትቼዋለሁ ማለት አማራት፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

በማግሥቱ ደቦው በዶማና በአካፋ መጣ። ወንዱ ይቆፍራል፣ ጎረምሳው በባሬላ ይሸከማል፣ ሴቱ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ በአህያ ይጭናል። ከይፋግ በኩል ዘመድ ያለው ዘመዱን ጠርቶ አመጣ። ስምምነቱ ወደ ወንዙ በሚያየው ጎን ያለውን ብቻ እንዲወስዱ፣ የቀረው ግማሽ እንዲቆይ ነበር። ግድቡ ግን ሆዳም ነው፤ የሚጎርሰው አያልቅም። አበረ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ይቆማል።

«እናቴ፣ ከዚህች ከበረቱ በኩል ትንሽ ቢጨምሩልን።»

«ውሰዱ።»

በሳምንቱ ደግሞ ይመጣል። «ከአጥሩ ውጭ ያለችዋን ብቻ።»

«ውሰዱ አልሁ እኮ። ምን ታስፈቅደኛለህ?»

እውነቱን ለመናገር እምቢ ማለት የምትችልበት ጊዜ አልፎ ነበር። ግማሽ ግድብ ምንም እንዳልሆነ ስታውቅ እንዴት እምቢ ትበል? ግንቦት ሲያልቅ ከጉብታው የቀረው የቤቷ መቆሚያና በቤቷ ዙሪያ ለእግር መንገድ የምትሆን ቦታ ብቻ ነበር። ጎኑ በዶማ ተቆርጦ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሏል፤ ለእሷ መውጫ በአንድ ጎን ደረጃ ቆፍረውላታል። ቤቷ ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት መሰለ። ጸሐይነሽ ከታች ሆና አይታ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። «እንግዲህ እንደ ባሕታዊ ዓምድ ላይ ልትኖሪ ነው» አለቻት።

ግድቡ አለቀ። የኔታና ካህናቱ ጸበል ረጩበት፣ ሰዉ ድግስ ደገሰ፣ ከሌላ ቀበሌ ሳይቀር እየመጡ አዩት። ማሽን ሳይመጣ በሰው እጅ ያን ያህል ቀይ ግድብ መሠራቱ የሚያኮራ ነው፣ ማንም ምን ይበል። በዚያው ድግስ ላይ አበረ ተነሥቶ፣ አያድርገውና ውሃ ቢመጣ ሁሉም ወደ አስፋልቱ እንዲወጣ፣ ከዚያም ወረታ ትምህርት ቤት እንዲገባ አስማማ። «የእማዋይሽን ጉብታ እርሱት» አለ። ሰዉ ሳቀ። እማዋይሽም ከሰዉ ጋር ሳቀች።

ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ። ርብ ሞላ፣ ግድቡ ላይ ደረሰ፣ ግድቡ ያዘው። ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ ተነሣ። ግድቡ ላይ ሣር በቀለ። እማዋይሽ በየጠዋቱ ደጇ ላይ ቆማ ታየውና «ተመስገን» ትላለች፤ ያንን አፈር ስትሰጥ ያደረባት ፍርሃት የሞኝ ፍርሃት መሰላት። ከመጣች ጀምሮ ያላየችው ክረምት ነበር፤ ሰው በየቤቱ፣ ከብቱ በየበረቱ፣ ግቢዋ ለብቻዋ። ጭር ሲልባት ደግሞ ሰዉ ናፈቃት፣ ለጸሐይነሽም ነገረቻት። «አንች ደግሞ ቢመጡብሽ ትሳደቢያለሽ፣ ቢቀሩብሽ ትናፍቂያለሽ!» አለቻት ጸሐይነሽ።

ነሐሴ ላይ ጾመ ፍልሰታ ተፈትቶ ሰው ገና ሥጋ እየበላ ሳለ፣ ደጋው ላይ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ወረደ። ቀዩ ግድብ ያዘ። ይኸ መታወቅ አለበት፤ ቀዩ ግድብ እስከ ዛሬም ቆሟል፣ ሄዶ ማየት ይቻላል። ውሃው እዚያ ሲከለከል ወደ ላይ ተመልሶ፣ ማንም ያልነካውን፣ ማንም ያላሰበበትን የድሮውን የዋልካ ዳርቻ ፈልጎ እዚያ ጣሰ። ሰዉ በጠዋት ግድቡን እያየ ቆሞ ሳለ ውሃው በጀርባው መጣ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደ ቃሉ ነበር። ሰዉ ልጁን አዘለ፣ ከብቱን ነዳ፣ ወደ አስፋልቱ አቀና። ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር። አበረ ልጆቹን ትከሻው ላይ አድርጎ እናቱን በእጇ እየመራ ከፊተኞቹ ጋር ነበር። ትንሽ ቢቆይ ሁሉም ያልፍ ነበር።

እማዋይሽ ቤት ውስጥ ነበረች። የከብት ድምፅ ሰምታ ወጣች። ሩዙ መካከል ውሃው ብልጭ ሲል አየች፣ ሰው ሲሮጥ አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አሰብኩት ብላ አታውቅም፤ ሁለት እጇ ወደ አፏ ሄደ፣ ድምፁ ወጣ።

«ወደ ጉብታው! ወደ ጉብታው ውጡ!»

በዚያ ድምፅ ያደገ ሰው ነው። እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሰማው፣ ልጁን ይዞ የሰማው ድምፅ ነው። የሚሮጥ ሰው ደግሞ አያስብም። ከመንገዱ ግማሹ ዞረ። ከብቱም መንገዱን ያውቀዋልና ዞረ። እማዋይሽ ያለችውን የሰማችው እነሱ ሲዞሩ ስታይ ነው። «አይደለም! ወደ አስፋልቱ! ተመለሱ!» ብላ ጮኸች፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። በዚያ የውሃ ጩኸትና በከብቱ ግርግር ውስጥ ሁለተኛው ጥሪ ከመጀመሪያው አልተለየም፤ የእማዋይሽ ድምፅ ነው፣ የእማዋይሽ ድምፅ ደግሞ ና ማለት ነው። ባሰባቸው፣ ፈጠኑ።

መጥተው ከሥሩ ቆሙ። መውጫ የለም። ለእሷ የተቆፈረችው ደረጃ በመጀመሪያዎቹ እግሮች ተንዳ ወረደች። ውሃው ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ ደረሰ። እማዋይሽ በሆዷ ተኝታ መቀነቷን ፈትታ ለቀቀችላቸው፤ ልጆቹን አንድ በአንድ እየሳበች አወጣች፣ የወጡት ደግሞ ሌሎቹን ሳቡ። ከብቱ ሰዉን ወደ ቀዩ ግድግዳ ይገፋው ነበር። አስተዋይ የሆኑት አስፋልቱ ወዳለበት ለመመለስ ሞከሩ፣ ጥቂቶቹም ተሳካላቸው።

ጸሐይነሽ እንደ ወትሮዋ የመጨረሻ ነበረች። ጥጃ አልያዘችም፤ ምርኩዟን ብቻ ይዛ ውሃውን እየቀዘፈች መጣች። ቀና ብላ እማዋይሽን ስታያት ፈገግ አለች።

«መጣሁ፣ መጣሁ። ምን ያስጮህሻል?»

እማዋይሽ መቀነቱን ወረወረችላት። አልደረሰም። ደረቷን ከአፋፉ አውጥታ እንደገና ወረወረች፣ የጸሐይነሽ ጣት ጫፉን ነካው። የረጠበው ቀይ አፈር የዚያን ጊዜ ከሥር ተደረመሰ፤ የግድግዳው ጎን እንዳለ ሰዉና ከብቱ ላይ ወረደ። ሌሎቹ ተፍጨርጭረው ወጡ። ጸሐይነሽ አልወጣችም። እማዋይሽም ተከትላ ልትወድቅ ስትል ያወጣቻቸው ልጆች እግሯን ይዘው አስቀሯት። እስከ ዛሬ ስለዚያ ትቀየማቸዋለች፤ አትነግራቸውም እንጂ።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ታንኳ ይዘው የመጡ ሰዎች ከቤቷ ጣሪያ ሥር አወረዷቸው። ጸሐይነሽን ያገኙት ውሃው ጎደል ሲል ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ውሃ ውስጥ ስለነበረች አባቶቿ ያሉበት መካነ መቃብር ልትገባ አልቻለችም፤ ወረታ፣ ከማታውቃቸው ሰዎች መካከል ቀበሯት። እማዋይሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላ ሄደች። የሚስቅባት ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ዴስክ በተደረደረበት ጥግ ተሰጥቷት ተቀመጠች። ማንም አልወቀሳትም። የሚያስጨንቃት ይኸ ነበር። ሴቶቹ ቆሎ ያመጡላታል፣ ብርድ ልብሳቸውን ያካፍሏታል፣ «አንች ባትስቢያቸው ልጆቹ አልቀው ነበር» ይሏታል። አንዷ ተነሥታ ብትሰድባት ትመርጥ ነበር። የኔታ ዓለምብርሃን መጥተው አጠገቧ ሲቀመጡ አልቻለችም።

«የኔታ፣ የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«ልታድኝያቸው ነው የጠራሽ።»

«የት ላድናቸው?»

የኔታ መስቀላቸውን አሳልመዋት አጠገቧ እንደ ተቀመጡ መሸባቸው።

መስከረም ሊጠባ ሲል ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎቹ ይለቀቅ ተባለ። ሰዉ ወደ ጭቃው ሊመለስ ነው። አበረ ጥቁሩን እንደ ለበሰ መጣ። ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። ዴስኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ማሽን ይልካሉ ብለዋል» አለ።

«እህ።»

«እኛ ግን በጋ ሲገባ በደቦ እንጀምራለን ብለናል። አሁን የተጣሰውን፣ የላይኛውን። አፈሩ… የቀረችው የቤትዎ መቆሚያ ናት፣ እናቴ። ቤትዎን ወረታ ጥግ እናቆምልዎታለን። ከሁሉም በፊት የእርስዎን ነው የምንሠራ።»

እማዋይሽ ቀና ብላ አየችው። «ውሃው ሲመጣ ሰዉ ወዴት ይወጣል?»

«ለከርሞ ይይዛል» አለ አበረ፣ ወለሉን እያየ።

እንደማያምንበት አወቀች። እሱም እንዳወቀችበት አወቀ። ከሩዝና ከዚያ ሜዳ ሌላ አያውቁም፣ ሌላ አገር የሚሰጣቸው የለም፣ የሚሠራ እጅ ብቻ ነው ያላቸው፣ የሚሠራ እጅ ደግሞ አፈር ይፈልጋል። እሽ ብትልም ውሃው ይመጣል፣ እምቢ ብትልም ይመጣል። ከእሷ ሌላ የሚጠይቁት ሰው ስለሌለ ነው የመጡት።

«ውሰዱት» አለች። ድምፅዋ አልተሰማም፣ አበረ ከከንፈሯ ነው ያነበበው።

ተነሣ። ባርኔጣውን አንሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም መልካም ነገር ሳይነግራት መሄዱ ከብዶት ይሆናል።

«እናቴ፣ እማየን አስፋልቱ ጫፍ አድርሻት ነበር» አለ። «እጇን ይዣት ነበር። ድምጥዎን ስትሰማ ግን አስለቀቀችኝ። ‹እማዋይሽ እየጠራችኝ የት ነው የምሄድ› አለችኝ። ደስ ብሏት ነው የተመለሰች። ይኸን ይወቁት ብየ ነው።»

ሊያጽናናት ነበር የነገራት፤ ልጅየው ክፋት አያውቅም። እማዋይሽ አንገቷን ነቀነቀች፣ እጁን ይዛ ሳመችው።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጀ» አለችው።